ቦታ ሲሰፋለት ጠበበኝ ያለው ቋት

ፈረንጆቹ «ዳታቤዝ» የሚሉትን አማርኛችን «የመረጃ ቋት» ብሎ ተቀብሎታል። ቃሉ ከወፍጮ ቤት የተወሰደ ነው። ቋት ከወፍጮው የሚወርደውን ዱቄት ተቀብሎ የሚያኖር ዕቃ ነው፤ ድንጋዩ ቢቀየር፣ የእጅ ወፍጮ በሞተር ቢተካ፣ ቋቱ መቀበሉን አያቋርጥም። የኮምፒዩተሩ ቋት ግን የዚህን ያህል ቻይ አይደለም። በዙሪያው ያለው ነገር ሲለወጥ፣ ያውም ለበጎ ሲለወጥ፣ አልሠራም የሚልበት ጊዜ አለ።

ከነዚህ ጊዜያት ሁሉ አብልጦ የሚያስገርመኝ አንዱ ነው። ለዓመታት ያለ እንከን ሲያገለግል የኖረ አሮጌ የመረጃ ቋት፣ ለኮምፒዩተሩ ተጨማሪ ሜሞሪ በተገዛለት ማግስት «በቂ ሜሞሪ የለም» ብሎ በሩን ይዘጋል። ባለቤቱ ግራ ይገባዋል። ትናንት በጠባቡ ሲሠራ የነበረ ፕሮግራም ዛሬ በሰፊው እንዴት ጠበበኝ ይላል? አንዳንዱ አዲሱ ሜሞሪ ብልሹ ነው ብሎ ያስለውጣል። አንዳንዱ መልእክቱን እንደ ቃሉ ወስዶ ሌላ ሜሞሪ ይጨምራል። ሌላው ደግሞ ፕሮግራሙ አረጀ፣ መረጃውም አብሮት ሞተ ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ የዚህ የሦስተኛው ሰው ፍርድ ነው። ምክንያቱም በነዚያ አሮጌ ቋቶች ውስጥ ያለው የሰው ስም፣ የቅጥር ቀን፣ የደመወዝ መጠን፣ የመጻሕፍት ዝርዝር፣ የሕሙማን መዝገብ ነው። ፍርዱ ከተሳሳተ የሚጎዳው ማሽኑ አይደለም።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባላል። የዚህ ነገር ሥር ያለው በጥገና መመሪያ ገጾች ውስጥ ብቻ አይደለም፤ በታሪክ ውስጥ ነው። እስቲ ወደ ኋላ እንመለስ። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

በጠባብ ቤት የተወለደ ልማድ

በነሐሴ 1981 አይቢኤም ለገበያ ያቀረበው የመጀመሪያው የግል ኮምፒዩተር በመነሻው የነበረው ሜሞሪ 16 ኪሎባይት ነበር። አንድ ኪሎባይት 1,024 ባይት ነው፤ አንድ ባይት ደግሞ አንድ የላቲን ፊደል የምታርፍበት ቦታ ነው ብንል ያስኬዳል። በዚህ ሂሳብ 16 ኪሎባይት ጥቂት ገጽ ጽሑፍ ቢይዝ ነው።

ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው 8088 የተባለው ፕሮሰሰር 20 የአድራሻ መስመሮች ነበሩት። እያንዳንዱ መስመር ሁለት ዓይነት ምልክት ብቻ ስለሚይዝ፣ በሃያው መስመር ሊጻፍ የሚችለው የአድራሻ ብዛት 1,048,576 ነው፤ አንድ ሜጋባይት ማለት ነው። ሜሞሪ ቤት ነው ካልን አድራሻ የቤት ቁጥር ነው። ቁጥር ያልተሰጠው ቤት ቢኖርም የለም፤ ፖስተኛው አያገኘውም። ከዚያ አንድ ሜጋባይት ውስጥ 640 ኪሎባይቱ ለፕሮግራሞች ሲመደብ፣ የቀረው 384 ኪሎባይት ለስክሪንና ለማሽኑ ለራሱ መሠረታዊ መመሪያዎች ተከለለ። 640 ኪሎባይት ከመነሻው 16 ኪሎባይት 40 እጥፍ ነበርና በጊዜው ዳር የሌለው ሜዳ ይመስል ነበር።

የብዙ መሥሪያ ቤቶችን መዝገብ የተሸከመው የመረጃ ቋት ፕሮግራምም የዚሁ ዘመን ልጅ ነው። ዌይን ራትሊፍ የተባለ አሜሪካዊ በካሊፎርኒያ፣ ፓሳዴና፣ በጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ ሲሠራ፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ እግር ኳስ ውርርድን ለማስላት እንዲረዳው ለራሱ አንድ ፕሮግራም መጻፍ ጀመረ። ስሙን «ቩልካን» አለው። በኋላ ጆርጅ ቴትና ሃል ላሽሊ ሊሸጡለት ተስማሙና «ዲቤዝ ሁለት» ተብሎ ገበያ ወጣ። «ዲቤዝ አንድ» የሚባል ግን ኖሮ አያውቅም፤ ሁለት መባሉ የተሻሻለ እንዲመስል ነው። ኩባንያቸውንም «አሽተን ቴት» አሉት። አሽተን የሚባል ባለድርሻ አልነበረም፤ ስሙ ለጆሮ እንዲጥም የተጨመረ ነው።

ዲቤዝ ሁለት በአንድ ፋይል ውስጥ ከ65,535 በላይ መዝገብ፣ በአንድ መዝገብም ከ32 በላይ ዓምድ አይቀበልም ነበር። 65,535 በዘፈቀደ የመጣ ቁጥር አይደለም። በ16 ቢት፣ ማለትም በአሥራ ስድስት የዜሮና የአንድ ቦታዎች፣ ሊጻፍ የሚችለው ትልቁ ቁጥር እሱ ነው። አንባቢ ይህን ነገር ይያዝልኝ፤ ኋላ ይጠቅመናል። ፕሮግራም ሲጻፍ የዘመኑ ስፋት በውስጡ አብሮ ይጻፋል። ጸሐፊው «ከዚህ የሚበልጥ አይመጣም» ያለበት ቦታ ሁሉ በቁጥር ተለክቶ ይቀመጣል።

በ1984 «ዲቤዝ ሦስት» ወጣ፤ የዓምዱ ጣሪያ ወደ 128 ከፍ አለ። በ1985 ናንታኬት የተባለ ኩባንያ «ክሊፐር»ን አመጣ፤ በዲቤዝ ቋንቋ የተጻፈን ትእዛዝ ራሱን ችሎ ወደሚሄድ ፕሮግራም ይለውጥ ነበር። ቀጥሎ «ፎክስፕሮ» በፍጥነቱ ስም አተረፈ፤ በ1992 ማይክሮሶፍት አምራቹን ኩባንያ ገዛው። አሽተን ቴት ራሱ በ1991 ለቦርላንድ ተሸጦ ነበር። ስሞቹ ቢለዋወጡም ሁሉም የሚጽፉት ያንኑ የዲቤዝ የፋይል ዓይነት ወይም የቅርብ ዘመዱን ነበር።

በአገራችንም የዚህ ዘመን አሻራ አለ። በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር በ1980 አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው «ፓዲስ» የተባለው የሰነድና የመረጃ ሥርዓት፣ በ1990 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው የአፍሪካ የመረጃ ጥናት ትምህርት ቤትም፣ በዚያ ትውልድ መሣሪያዎች ሰው አሠልጥነዋል። ዩኔስኮ ከ1985 ጀምሮ ለግል ኮምፒዩተር አዘጋጅቶ ያሠራጨው «ሲዲኤስ አይሲስ» የብዙ ቤተ መጻሕፍት ዝርዝር የተጻፈበት ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም፤ በኛም ቁም ሳጥን ውስጥ አለ።

«ፋይሉ ተበላሽቷል» ያለው ጤነኛ ፋይል

ሜሞሪ ሲበዛ አሮጌ ፕሮግራም መታመሙ የተጀመረው ትናንት አይደለም። አንዱ የታወቀ ምሳሌ በ1991 የታየው ነው።

ነገሩን ለመረዳት አንድ የ8088 ጠባይ ማወቅ ያሻል። ፕሮሰሰሩ ከአንድ ሜጋባይት የሚያልፍ አድራሻ ሲሰጠው «የለም» አይልም፤ ዞሮ ከዜሮ ይጀምራል። የሰዓት ቆጣሪ ከ12 በኋላ ተመልሶ 1 እንደሚለው ማለት ነው። አንዳንድ ጸሐፊዎች ይህን መዞር እንደ ደንብ ቆጥረው ፕሮግራማቸውን በሱ ላይ አቆሙት። በ1984 አይቢኤም «ኤቲ» የተባለውን ማሽን በ286 ፕሮሰሰር ሲያወጣ የአድራሻ መስመሮቹ 24 ሆኑ፤ እስከ 16 ሜጋባይት መቁጠር ተቻለ። መዞሩ ግን ቀረ። መሐንዲሶቹ የድሮዎቹ ፕሮግራሞች እንዳይወድቁ ሲሉ ሃያ አንደኛውን መስመር የሚከፍትና የሚዘጋ በር ሠሩለት። የበሩን መቆጣጠሪያ ያስቀመጡት በኪቦርዱ መቆጣጠሪያ ቺፕ ውስጥ ነበር፤ እዚያ ትርፍ ቦታ ተገኝቶ ነበርና።

በሰኔ 1991 የወጣው አምስተኛው ዶስ ይህን በር ከፍቶ ራሱን ከአንድ ሜጋባይት በላይ ወዳለው ቦታ ማዛወር ቻለ። ታችኛው ሜሞሪ ሰፋ፤ ተጠቃሚውም ደስ አለው። ነገር ግን «ኤግዚፓክ» በሚባል ዘዴ ተጠቅልለው ይሸጡ የነበሩ ፕሮግራሞች «የተጠቀለለው ፋይል ተበላሽቷል» የሚል መልእክት እየሰጡ መቆም ጀመሩ። ፋይሉ ግን ጤነኛ ነበር። መጠቅለያውን የሚፈታው ትእዛዝ፣ ፕሮግራሙ በሜሞሪው የመጀመሪያ 64 ኪሎባይት ውስጥ ከተቀመጠ አድራሻውን አሳስቶ ያሰላ ነበር። ቀድሞ ያንን ቦታ ዶስ ራሱ ይይዘው ስለነበረ ማንም ፕሮግራም እዚያ አይደርስም፤ ስሕተቱም ሳይታይ ኖረ። ዶስ ሲለቅ ፕሮግራሙ ገባበት፤ የተደበቀውም ወጣ።

መድኃኒቱ ምን ነበር? ከዶስ ጋር «ሎድፊክስ» የሚባል ትእዛዝ ተጨመረ። ሥራው የመጀመሪያውን 64 ኪሎባይት በባዶ ነገር መሙላት ነው። የተገኘው ቦታ ተመልሶ ይዘጋል፤ ፕሮግራሙ ከሱ በላይ ይቀመጣል፤ ይሠራል። አዲስ የተለቀቀውን ግቢ በድንጋይ ሞልቶ ለልጁ ጠባቡን ክፍል መስጠት ይመስላል። ይሁንና መፍትሔው ይኸው ነበር።

ሳያለማ አጥሮ የያዘው ጎረቤት

አሁን በርእሱ ወደ ተነሳው ጉዳይ እንምጣ። ዊንዶውስ 95 እና 98 በነገሡበት ዘመን በዲቤዝ፣ በክሊፐርና በፎክስፕሮ የተጻፉ ብዙ ሥራዎች በዶስ መስኮት ውስጥ መሥራታቸውን ቀጠሉ። ሜሞሪ ግን ከዓመት ዓመት ረከሰ። ባለ 32 ወይም ባለ 64 ሜጋባይት የነበረ ማሽን 768 ሜጋባይት ወይም አንድ ጊጋባይት ይገባለት ጀመር። ይህን ጊዜ ሜሞሪው ከ512 ሜጋባይት ያለፈ ማሽን የዶስ መስኮት ሲከፈትበት «ይህን ፕሮግራም ለማስኬድ በቂ ሜሞሪ የለም፤ ሌሎች ፕሮግራሞችን ዘግተው እንደገና ይሞክሩ» የሚል መልእክት ሊሰጥ እንደሚችል ታወቀ። አምራቹ ራሱ ምክንያቱን በይፋ ጽፎ አስረድቷል።

ምክንያቱ የሜሞሪ ማነስ አይደለም፤ የአድራሻ ማለቅ ነው። ባለ 32 ቢት ሥርዓት 4 ጊጋባይት አድራሻ አለው። ከዚህ የመጨረሻው አንድ ጊጋባይት አድራሻ ለሥርዓቱ ለራሱ የተከለለ ነበር። እያንዳንዱ የዶስ መስኮት ሲከፈት ከዚህ ክልል ጥቂት አድራሻ ይፈልጋል። ከዚያው ክልል የሚካፈል «ቪካሽ» የሚባል ሌላ ክፍል ደግሞ አለ። ሥራው ከዲስክ የተነበበውን ነገር ለቅርብ ጊዜ በሜሞሪ ውስጥ ማቆየት ነው። ቪካሽ ማሽኑ ሲነሳ ያለውን ሜሞሪ ይለካና «ነገ እዚህ ድረስ ልሰፋ እችላለሁ» ብሎ ያንን የሚያህል አድራሻ አስቀድሞ ለራሱ ያስመዘግባል። ሜሞሪው በበዛ ቁጥር የሚያስመዘግበውም ይበዛል። የስክሪን ካርዱም የራሱን ድርሻ ከዚያው ከወሰደ ለዶስ መስኮቱ የሚተርፍ አድራሻ አይኖርም። ሳያለማ አጥሮ ከሚይዝ ባለሀብት ጎን ያለ ድሃ ጎጆ የሚቀልስበት እንደሚያጣ ማለት ነው። መሬት ሞልቷል፤ ካርታ ግን አልቋል።

መድኃኒቱ እንደገና ያንኑ ይመስላል። «ሲስተም» በሚባለው የዊንዶውስ ማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ፣ በቪካሽ አንቀጽ ሥር፣ የካሹን ጣሪያ የሚወስን አንድ መስመር ይጻፋል። ጣሪያውን በ524,288 ኪሎባይት ወይም ከዚያ በታች መወሰን ይበቃል፤ ይህም 512 ሜጋባይት ነው። አጥሩ ይሰበሰባል፣ አድራሻ ይተርፋል፣ የዶስ መስኮቱም ይከፈታል።

ስለዚህ መልእክቱ ውሸት አልነበረም፤ አንድ ነገር በእርግጥ አልቆ ነበር። ያለቀውን ነገር ግን በተሳሳተ ስም ጠራው። ሰውም ስሙን አምኖ ሌላ ሜሞሪ ገዛ፤ የገዛው በሙሉ አጥሩን የሚያሰፋ ሆነ።

ምን ተለወጠ?

እንዲህ ያለ ግራ መጋባት በአንድ መሥሪያ ቤት በዓይኔ አይቻለሁ። የሠራተኞች የአገልግሎት ዘመን የሚጣራበት አሮጌ መዝገብ በዶስ ፕሮግራም ውስጥ ነበር። ማሽኑ ዘገየ ተብሎ ሜሞሪ ተጨመረለት፤ በማግስቱ መዝገቡ አልከፈት አለ። በኮሪደሩ የጡረታ ደብዳቤ የሚጠብቁ ሰዎች ተቀምጠዋል። ወጣቱ የኮምፒዩተር ጠጋኝ አዲሱን ሜሞሪ በሌላ አዲስ ለወጠ፤ ያው ሆነ። በመጨረሻ መዝገቡን ለዓመታት ሲይዙ ለኖሩት ሴት እንዲህ አላቸው፦

«እትዬ፣ ይህ ፕሮግራም አርጅቷል። ከወረቀቱ ፋይል እንደ አዲስ እንጻፈውና እንገላገል።»

«ልጄ፣ ወረቀቱ ሙሉ ቢሆን ኖሮ አንተን መች አስቸግርህ ነበር? ቢሮው ሲዛወር እኮ ግማሹ ዝናብ መታው።»

ልጁ ዝም አለ። እሳቸው ጥቂት አሰቡና «ለመሆኑ የጨመርከውን ብታወጣውስ? ከመጨመሩ በፊት ይሠራ አልነበረም?» አሉት።

አወጣው። ማሽኑ ተነሳ፤ መዝገቡም ተከፈተ። ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን ተከታትሎ አጥሩን የሚሰበስበውን መስመር ያገኘውና ሜሞሪውን መልሶ ያስገባው። ሴትዮዋ ስለ አድራሻ መስመር የሚያውቁት ነገር አልነበረም። የጠየቁት ግን ጠጋኝ ሁሉ አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባውን ነው፦ ትናንትና ዛሬ መካከል ምን ተለወጠ? የታሪክ ጸሐፊም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

ሙሉ የሆነ ዲስክ ይሻላል

የሜሞሪው ታሪክ በዲስክም ተደግሟል። ፓራዶክስና ሌሎች ፕሮግራሞች ይጠቀሙበት የነበረው የቦርላንድ የመረጃ ቋት ሞተር፣ በዲስኩ ላይ ያለው ባዶ ቦታ ወደ 4 ጊጋባይት ወይም ወደ ብዜቶቹ ሲጠጋ «በዲስኩ ላይ በቂ ቦታ የለም» የሚልበት ጊዜ ነበር። 32 ቢት የሚቆጥረው እስከ 4,294,967,295 ነው። ባዶው ቦታ ከዚያ በጥቂቱ ሲያልፍ ቁጥሩ እንደ ድሮው 8088 አድራሻ ዞሮ ከዜሮ ይጀምራል፤ 4 ጊጋባይት ትርፍ ያለው ዲስክ ባዶ ቦታ የሌለው መስሎ ይታያል። ማስተካከያ ፕሮግራም እስኪያገኙ ድረስ አንዳንድ ሰዎች የተጠቀሙበት ዘዴ ያስቃል፦ ትርጉም የሌለው ትልቅ ፋይል ፈጥረው ዲስኩን ይሞሉት ነበር። ቦታው ሲቀንስ ፕሮግራሙ «ቦታ አለ» ይላል።

የመጨረሻው ምዕራፍ በኛው ዘመን ያለው ነው። የተለመዱት ባለ 32 ቢት የዊንዶውስ ዓይነቶች ከ4 ጊጋባይት በላይ ሜሞሪ ሊጠቀሙ አይችሉም። ስለዚህ ለማሽኑ 8 ወይም 16 ጊጋባይት የገዛ ሰው ዊንዶውሱንም ወደ 64 ቢት ይለውጣል። ባለ 64 ቢቱ ዊንዶውስ ግን የዶስንም ሆነ የጥንቱን ባለ 16 ቢት ዊንዶውስ ፕሮግራም አያስኬድም። በ2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ባለ 32 ቢት ዓይነት ጭራሹን የለውም። ስለዚህ ሜሞሪ መጨመር ዛሬም አሮጌውን ቋት ይዘጋል፤ ልዩነቱ በሩ ቀድሞ ይጠብብ የነበረ ሲሆን አሁን በግንብ መዘጋቱ ነው። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ማለት ይህ ነው።

ለዚህም መላ አልጠፋም። በ2002 ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው «ዶስቦክስ» በአዲሱ ማሽን ውስጥ አሮጌ ማሽን አስመስሎ የሚፈጥር ፕሮግራም ነው። በዋነኛነት የተሠራው ለጨዋታ ቢሆንም ብዙ የድሮ ፕሮግራሞችን ያነሳል። ሌላ ካልተነገረው በቀር ለፕሮግራሙ የሚያሳየው ሜሞሪ 16 ሜጋባይት ብቻ ነው። 16 ጊጋባይት ባለው ማሽን ላይ ከሺህ እጁ አንዱን ብቻ ያሳየዋል፤ ፕሮግራሙም ይህን አይቶ ደስ ብሎት ይሠራል።

አንባቢ አራቱን መድኃኒቶች ጎን ለጎን ያስቀምጣቸው። ሎድፊክስ 64 ኪሎባይት ይሞላል። የቪካሹ መስመር ጣሪያ ይቀንሳል። ትርጉም የሌለው ፋይል ዲስክ ይይዛል። ዶስቦክስ ትልቁን ማሽን ትንሽ አድርጎ ያሳያል። በአራቱም ጊዜ የዳነው በመጨመር ሳይሆን በመሰወር ነው። አሮጌውን ፕሮግራም ወደኛ ዘመን ማምጣት አልተቻለም፤ የተቻለው የተወለደበትን ዘመን ዙሪያውን መልሶ መሥራት ነው። ይህን ለማድረግ ደግሞ ያ ዘመን ምን ይመስል እንደነበረ፣ 640ው ለምን 640 እንደሆነ፣ 65,535 ከየት እንደመጣ የሚያስታውስ ሰው ያስፈልጋል።

ዱቄቱ ከቋቱ ይበልጣል

መልካሙ ዜና ፕሮግራሙ ተዘጋ ማለት መረጃው ጠፋ ማለት አለመሆኑ ነው። የዲቤዝ ፋይል አሠራሩ ግልጽ ነው። መጀመሪያ 32 ባይት ርእስ አለ፤ ፋይሉ መጨረሻ የተነካበትን ቀንና የመዝገቦቹን ብዛት ይይዛል። ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ዓምድ ሌላ 32 ባይት ይመጣል፤ ስሙን፣ ዓይነቱንና ስፋቱን ይናገራል። ከዚያ በኋላ ያለው መዝገቡ ራሱ ነው፤ ቁጥሩ እንኳ በዓይን እንደሚነበብ ጽሑፍ ተጽፏል። በእያንዳንዱ መዝገብ ፊት አንዲት ባይት አለች። ባዶ ከሆነች መዝገቡ ሕያው ነው፤ የኮከብ ምልክት ካለባት ተሰርዟል። የተሰረዘው ግን «ፓክ» የሚባለው ትእዛዝ እስኪሰጥ ድረስ ከነሙሉ ቃሉ እዚያው ተቀምጦ ይኖራል። በስሕተት ሰረዝኩት ብሎ ያለቀሰ ስንቱ ሰው ይህን ቢያውቅ ኖሮ!

ይህ የፋይል ዓይነት ዛሬም አልሞተም። የካርታ ባለሙያዎች በሰፊው የሚጠቀሙበት «ሼፕፋይል» የተባለው የመረጃ ዓይነት፣ የቦታዎቹን ስምና መግለጫ የሚያስቀምጠው በዲቤዝ ሠንጠረዥ ነው። ዛሬ ሼፕፋይል ከፍቶ የወረዳ ወሰን የሚያይ ወጣት ሳያውቀው ራትሊፍ ለውርርድ ብሎ በጀመረው ሥራ ይገለገላል።

ስለዚህ አሮጌ ቋት በእጁ ያለው ሰው ሊያደርገው የሚገባው ከባድ አይደለም። ማሽኑ ከመነካቱ በፊት ፋይሎቹን ሁሉ በሁለት ቦታ ይቅዳ። ሠንጠረዡን ብቻ ቀድቶ አይተው፤ ረጃጅም ማስታወሻዎች የሚቀመጡት በሌላ ፋይል ነው፤ መጨረሻው ዲቢቲ ወይም ኤፍፒቲ የሆነው ማለት ነው። እሱ ከጠፋ አይመለስም። ኤንዲኤክስ፣ ኤንቲኤክስ ወይም ሲዲኤክስ የሚል ያለባቸው ማውጫዎች ግን ቢጠፉም ከሠንጠረዡ እንደገና ይሠራሉ። ከዚያ በኋላ የተጨመረውን አውጥቶ ይሞክር። ፕሮግራሙ አንዴ ከተከፈተለት ደግሞ መዝገቡን ማንም ሊያነበው ወደሚችል ተራ ጽሑፍ ያውጣ። የዓምዶቹ አጫጭር ስሞች ምን ማለት እንደሆኑም በሚያውቋቸው ሰዎች አፍ አስነግሮ ያጽፍ። ይህ የመጨረሻው ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን አይደለም። የዓምድ ስም ከአሥር ፊደል አይበልጥም ነበርና አሕጽሮቱ ከጸሐፊው በቀር ለማንም የማይገባ ነው። የኛ ደግሞ ተጨማሪ ጣጣ አለው። ፊደላችን በዩኒኮድ ዓለም አቀፍ የፊደል መለያ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተጻፈው ስም ወይ በላቲን ፊደል ነው፣ ወይ ዛሬ በማይገኝ የግል ፎንት ነው። «ፀሐይ» የሚለው አንድ ስም በአንድ መዝገብ ውስጥ በሦስት ዓይነት የላቲን አጻጻፍ ተጽፎ አይቻለሁ። ሦስቱ አንድ ሰው ይሁኑ ሦስት ሰው፣ ሊነግረን የሚችለው ማሽኑ አይደለም።

እኔ ለአሮጌ ማሽን ናፍቆት የለኝም። ሜሞሪ ይጨመር፣ ማሽኑም ይለወጥ እላለሁ። የምለው ከመለወጡ በፊት ቋቱ ውስጥ ያለው ዱቄት ይወጣ ነው። ኮምፒዩተር «ቦታ የለም» ሲል ቃሉን ብቻ መስማት አይበቃም፤ በየትኛው ዘመን ሂሳብ እንደሚናገር መጠየቅ ይገባል። ያንን ሂሳብ የሚያውቁት፣ እነዚያን ዓምዶች የሰየሙት፣ እነዚያን መዝገቦች በጣታቸው ያስገቡት ሰዎች ዛሬ አብዛኞቹ ወይ ለጡረታ ቀርበዋል ወይ ወጥተዋል። ለማሽኑ ሜሞሪ ከገበያ ይገዛለታል። የነሱን ግን የሚሸጥ ሱቅ የለም፤ እነሱ ሳሉ መጠየቅ ነው።